ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሂተሩን ስከፍት ይሸታል፣ ራሴንም ያመኛል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የምኖር የ41 ዓመት ሰው ነኝ። የምተዳደረው ኡበር በመንዳት ነው። ብርዱ ከገባ ወዲህ የመኪናዬን ሂተር ስከፍት እንደ ሽሮፕ ጣፈጥ ያለ ሽታ ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ራሴን ይፈልጠኛል። ሁለት ወር ሆነኝ። አድቪል እውጣለሁ፣ ጓደኞቼ መርዙን ያረክሰዋል ስላሉኝም ማታ ማታ ወተት እጠጣለሁ። ሰሞኑን ትምህርት ቤት የማደርሳት የ6 ዓመት ልጄም እዚያው መኪና ውስጥ “አባዬ፣ ራሴን” ማለት ጀምራለች። ሳንባ የሚያጸዳ መድኃኒት ይኖር ይሆን? ነገሩስ ካንሰር ያመጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከካንሰሩ ልገላግልህ። በሁለት ወር የሂተር ሽታ ካንሰር ይይዘኛል ብለህ እንቅልፍ አትጣ። ሳንባ የሚያጸዳ ክኒንም የለም። ሳንባህ ንጹሕ አየር ካገኘ የራሱን ሥራ ራሱ ይሠራል። ግን ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። የፈራኸው ለራስህ አይመስለኝም፣ ለልጅህ ነው። እኔንም ያስደነገጠችኝ እሷ ናት።

ሽታው ቀላል ነው። ጣፋጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኩላንት ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ትኩሳቱን ይዞ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፣ ሂተሩ የሚሞቀውም በሷ ነው። እሷ ከተቀደደች እንፋሎቱ ፊትህ ላይ ይነፋል። የፊት መስታወቱን ከውስጥ በጣትህ ንካው፤ ቅባት ቅባት የሚል ጉም ከለበሰ፣ በጋቢናው ተሳፋሪ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበ፣ ኩላንቱም በየሳምንቱ ከጎደለ ነገሩ ተገኘ። (ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ክዳኑን እንዳትከፍት። ፊታቸው ተቃጥሎ የመጡልኝ አሉ።) እንፋሎቱ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፣ ራስም ሊያሳምም ይችላል። የሚገድለው ግን ሲጠጣ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ ይልሰዋል፤ ስለዚህ ጋሎኑን መሬት ላይ አታስቀምጥ። የቆሸሸ ካልሲ የሚሸተው ደግሞ ሻጋታ ነው። ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልትር ቀይር፣ አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ቶሎ ቀይር፣ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ መኪና ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ራሳቸውን ሲያማቸውና ሲወርዱ ሲሻላቸው እኔ ከማይግሬን አልጀምርም። ከካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የምጀምረው። ስሙ እንግዳ ቢመስልህም አንተ በደንብ ታውቀዋለህ። አገር ቤት የከሰል ጭስ የምንለው፣ ማንደጃ አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን በዚያው የሚያስቀራቸው፣ እሱ ነው። መኪና ውስጥ የሚገባው የጭስ ማውጫው ቱቦ ወይም ማርሚታው ሲቀደድ ነው። በረዶ ጭስ ማውጫውን ሲደፍነውም ይገባል። ኤርፖርት ተራ ስትጠብቅ ሞተር አስነስተህ፣ ሂተር ከፍተህ፣ ወንበር አጋድመህ ሸለብ ታደርጋለህ፣ አይደል? ከዛሬ ጀምሮ ተው።

ክፋቱ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ስለዚህ የሽሮፑ ሽታ እሱ አይደለም። ኩላንቱን አሠርተህ ሽታው ሲጠፋ “ተገላገልኩ” ብለህ ልጅህን እንዳትጭን ነው የምፈራው። የጭስ ሽታ ከመጣ ግን እሱም አብሮ አለ ብለህ ቁጠር። ደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሁለቱን ስለማይለይ እየታፈንክ 98 ሊያሳይህ ይችላል፣ አትመነው። የሚለየው የደም ምርመራ ነው፣ እሱም ከመኪናው እንደወረድክ ከሆነ ነው። ንጹሕ አየር ስትስብ በ4 ወይም 5 ሰዓት ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል፤ በማግስቱ ብትመጣ ምንም ላላገኝብህ እችላለሁ።

ወተቱ! ቀለም ቀቢው ወተት ጠጣ ይባላል፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራው ወተት ጠጣ ይባላል፣ ጋራዥ የሚውለውም እንዲሁ። እኔም በልጅነቴ ግቢያችን በተቀባ ቁጥር አንድ አንድ ብርጭቆ ይታደለን ነበር፣ ወተቱን ስለምወደው አልከፋኝም። ግን ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው። ጋዙ በሳንባ ገብቶ ደም ውስጥ ነው ያለው። የት ተገናኝተው ነው የሚያረክሰው? ወተቱ ራሱ አይጎዳህም። የጎዳህ መድኃኒት የወሰድክ መስሎህ ሁለት ወር መቀመጥህ ነው። አድቪሉ ደግሞ ይባስ፣ የሚጮኸውን ደወል አፍነህ ነዳህ ማለት ነው። በየቀኑ ለሁለት ወር ሲወሰድ ሆድና ኩላሊት ይጎዳል፣ ራስ ምታትም ራሱ ያመጣል። ሁለት ወር፣ ወንድሜ! ተሳፋሪ ቢያማርርብህ በማግስቱ ጋራዥ ትገባ ነበር።

ነገ ጠዋት ልጅህን በዚህ መኪና እንዳታደርሳት። “መስኮት ከፍቼስ?” እንዳትለኝ፣ እሱም አይሆንም። አንተም ሳይታይ አትንዳው። ሕመሙ አሁንም ካለባችሁ ዛሬውኑ ሁለታችሁም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱና “መኪና ውስጥ ጭስ ሳይገባ አይቀርም” በሉ። ይህችን ቃል ካልሰሙ ጉንፋን ብለው ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ሕፃኗ ካስመለሳት፣ ከፈዘዘች ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካላት 911 ደውል። ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ሆና በዚህ መኪና የምትሄድ ከሆነም ትመርመር፣ ፅንሱ ከእናቱ ይበልጥ ይጎዳልና።

ቶሎ ደርሰህበት ከሆነ ደግሞ አይዞህ፣ በኦክስጅን ማስክ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ግማሹ ይወጣል፣ አብዛኛው ሰውም ደህና ሆኖ ወደ ቤቱ ይገባል። ጋራዥ ስትሄድ መኪናውን አንስተው የጭስ ማውጫውን ከሞተሩ እስከ ጫፉ እንዲያዩት ቅድሚያ ጠይቅ። የሂተሯ ራዲያተር ዳሽቦርድ ስለሚያስፈታ ዋጋው ይከብዳል፣ እሷ ሁለተኛ ትሁን።

ልጅህ በሌላ መኪና ስትሄድም ራሷን ካመማት ጻፍልኝ። ያኔ መነጽር ያስፈልጋት እንደሆነ እናያለን።