ጊታር ከተናጠል ዕቃዎች መገጣጠም፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

በቅርቡ የጨረስኩትን ጊታር ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ደስ ብሎኛል። ይህ ዘጠነኛዬ ነው። አካሉን፣ አንገቱን፣ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል)፣ መቃኛውን ለየብቻ ገዝቼ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ ምድር ቤት ውስጥ ነው የገጣጠምኩት። ቅርጹ ስትራቶካስተር የሚባለው የፌንደር ኩባንያ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። አጎቴ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለሆነ ዕቃ ላስመጣ አስቤያለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከአንገቱ ጀምር። ብዙ ሰው ገንዘቡን ፒክአፕ ላይ ይጨርስና በተረፈችው አንገት ይገዛል። ተገላቢጦሹ ነው የሚያዋጣህ። ፒክአፕ አልጥምህ ካለ ከዓመት በኋላም በአንድ ከሰዓት ትቀይረዋለህ። አንገቱ ግን ሁልጊዜ እጅህ ውስጥ ነው። ፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ የተደረደረው የብረት መስመር፣ ወጣ ገባ ከሆነ ወይም እንጨቱ ከተጣመመ የትኛውም ፒክአፕ አያድነውም። ፍሬት የሚያስተካክል ባለሙያም እንደልብ አይገኝም።

ይህ ሁሉ የተቻለው በፌንደር ኩባንያ መሥራች በሊዮ ፌንደር ነው። ሰውዬው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ ጊታር መጫወት አይችልም። የተበላሸ ዕቃ ፈትቶ በሌላ መተካት ግን ሥራው ነበር። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴሌካስተርን፣ በ1954 ስትራቶካስተርን ሲያወጣ አንገቱን በኮላ አላጣበቀውም። በአራት ቪቴ አሰረው። ዛሬ እንደ ዋርሞዝና ኦልፓርትስ ያሉ ድርጅቶች ከፌንደር ፈቃድ ወስደው በዚያው ልክ የተሠራ አንገትና አካል ይሸጣሉ።

አጎትህ ከመግዛቱ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጻፍለት። ከናት (ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ ክሩን ከሚይዘው) ያለው የክሩ ርዝመት 25 ኢንች ተኩል ነው፣ ማለትም 648 ሚሊሜትር። የአንገቱ እግር፣ አካሉ ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ ስፋቱ 56 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአካሉ ጉድጓድም እንደዚያው መሆን አለበት። የመቃኛው ቀዳዳ በዘመናዊዎቹ 10 ሚሊሜትር ነው፣ በድሮው ዓይነት ግን ወደ 8.7 ይጠጋል። መቃኛውንና አንገቱን ከተለያየ ቦታ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ብሪጁም በስድስት ቪቴ የሚታሰር ወይም በሁለት ምሰሶ የሚቆም አለ። አካሉ ለየትኛው እንደተበሳ ሳያይ እንዳይገዛ።

ጥያቄ፦ የቴሌካስተር አንገት ስትራቶካስተር አካል ላይ ይገባል?

መልስ፦ ስፋቱ አንድ ነው፣ የእግሩ ጫፍ ግን ይለያያል። የቴሌካስተሩ ጫፍ አራት ማዕዘን ነው፣ የስትራቶካስተሩ ክብ ነው። ክቡን አራት ማዕዘኑ ጉድጓድ ውስጥ ብታስገባው ጥጉ ላይ ትንሽ ክፍተት ይቀራል እንጂ ይሠራል። አራት ማዕዘኑ ግን ማዕዘኖቹ ካልተሞረዱ ክቡ ውስጥ አይገባም። እኔ አዲስ አንገት አልሞርድም። ትክክለኛውን ግዛ።

ጥያቄ፦ አንገቱ ቀዳዳ ሳይኖረው መጣልኝ። እንዳላበላሸው ፈርቼ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። እንዴት ልብሳው?

መልስ፦ ፍርሃትህ ልክ ነው። ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ሁለተኛው ጊታሬ ላይ አንገቱን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥኩና በአይኔ ለክቼ በሳሁት። ቀጥ ያለ መስሎኝ ነበር። ክር ስወጥርበት ከ12ኛው ፍሬት በላይ ቀጭኗ ክር ከፍሬቱ ዳር እየተንሸራተተች ትወድቃለች። አንገቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው ምናልባት አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቢሆን ነው። አራቱንም ቀዳዳ በእንጨት ሞልቼ እንደገና በሳሁ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ብሪጁን አስራለሁ። ከዚያ አንገቱን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቼ በመሃል ጨርቅ አድርጌ በትንሽ ሞርሳ አጠብቀዋለሁ። ከዚያ ተራ የስፌት ክር። አንዱን ከብሪጁ ወፍራም ክር መቀመጫ እስከ ናቱ፣ ሌላውን ከቀጭኑ እስከ ናቱ እወጥራለሁ። ከላይ ቀጥ ብዬ አያለሁ። መጨረሻው ፍሬት ላይ፣ ከስፌቱ ክር እስከ ፍሬቱ ዳር ያለው ቦታ በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ሞርሳውን ላላ አድርጌ አንገቱን በአውራ ጣት ገፋ አደርጋለሁ። ደግሜ አያለሁ። ይህ ብቻ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይወስድብኛል፣ አይቆጨኝም።

እኩል ሲሆን በአካሉ ቀዳዳ በኩል ምልክት አደርጋለሁ። የአካሉ ቀዳዳ ቪቴው በነፃ የሚያልፍበት ሰፊ ይሁን፣ ጥርሱ የሚነክሰው አንገቱን ብቻ ነው። አንገቱ ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ያለው መብሻ ይበቃል። ቪቴው ጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ለካና መብሻው ላይ በዚያው ርዝመት ፕላስተር ጠቅልል። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ አቁም። አለበለዚያ በፍሬቶቹ በኩል ትወጣለህ። በመጨረሻ የቪቴውን ጥርስ ደረቅ ሳሙና ላይ እሸው። ሜፕል ጠንካራ እንጨት ነው፣ ያለ ሳሙና ቪቴው መሃል ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ማጥበቁን በእጅ ካቻቢቴ አድርገው፣ በድሪል አይደለም።

ጥያቄ፦ የአካሉ እንጨት ድምፁን ይቀይራል የሚባለው እውነት ነው? እዚሁ አገር ውስጥ ባለ እንጨት ማሠራትስ ይቻላል?

መልስ፦ በእኔ እምነት በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ፒክአፑ፣ ክሩና አቃኘቱ ከአካሉ እንጨት በብዙ ይበልጣሉ። ፌንደር አልደርና አሽ ይጠቀም የነበረው ጥሩ እንጨት ስለሆነና በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። እኔ አካል ስመርጥ ክብደቱን ነው የምጠይቀው። ሁለት ኪሎ ገደማ ያለ አካል ደስ ይለኛል። ሠርግ ላይ ከማታ እስከ ሌሊት ቆሞ የተጫወተ ሰው ትከሻው ምን እንደሚል ያውቀዋል።

የአገር ውስጡን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ይቻላል! ዋንዛ ጥሩ ነው። ብዙ አይከብድም፣ ለሥራ ይገራል፣ የቤት ዕቃ ሠሪዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። የሚያስፈልገው በደንብ የደረቀ መሆኑ ብቻ ነው። እርጥብ ከሆነ፣ ኋላ ሲደርቅ ጉድጓዱ ይጠብና አንገቱን ያጣምምብሃል። ለአናጺው ሁለት ልኬት ስጠው። የአካሉ ውፍረት 44 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ፣ የአንገቱ ጉድጓድ ጥልቀት 16 ሚሊሜትር። የጉድጓዱ ወለል ፍጹም ጠፍጣፋ ይሁን። አንገቱን ከውጭ አስመጥተህ አካሉን እዚያው በዋንዛ ብታሠራ የሻንጣው ኪሎም ይቀንስልሃል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነኝ። ራሴ የገጠምኩት ጊታር ድምፁ ቆንጆ ነው፣ ግን ዝም ስል “እምምም” የሚል ነገር አለ። ክሩን ስነካው ይቀንሳል። ምን አበላሽቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላበላሸሽም። ስትነኪው መቀነሱ ጥሩ ምልክት ነው። ከብሪጁ ወደ ፖቱ (የድምፅ መቆጣጠሪያው) የሄደው የአርዝ ሽቦ እየሠራ ነው ማለት ነው። ስትነኪው ቢብስ ኖሮ ጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት) ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠዋል እልሽ ነበር።

እምታው የሚመጣው ከፒክአፑ ዓይነት ነው። ነጠላ የሽቦ ጥቅል ያለው ፒክአፕ ክሩን ብቻ ሳይሆን የግድግዳውን መብራት፣ ቻርጀሩን፣ ኮምፒውተሩን ሁሉ ይሰማል። እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ እንደ ኢትዮጵያው 50 ኸርዝ ነው። እዚህ አሜሪካ 60 ስለሆነ የእኛው እምታ ቀጠን ይላል። ይህን ለማጥፋት ነው ሴዝ ላቨር የሚባለው መሐንዲስ ጊብሰን የጊታር ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ሁለት ጥቅል ያለውን ፒክአፕ፣ ሃምበከርን፣ የሠራው። ሁለቱ ጥቅሎች ጩኸቱን እርስ በርስ ያጠፋፉታል።

የመዳብ ፕላስተር ግዢና ፒክአፖቹና ፖቶቹ የሚቀመጡበትን ጉድጓድ በሙሉ ሸፍኝው። ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ይነካኩ፣ አንዱም ከአርዝ ሽቦው ጋር ይገናኝ። ብዙ ይቀንስልሻል፣ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። መሃለኛው ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠቀለለ ከሆነ የፒክአፕ መምረጫውን 2ኛና 4ኛ ቦታ ላይ አድርጊና ስሚ፣ እዚያ ጸጥ ይላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሁላችሁም። የአምፕሊፋየሩን መሰኪያ ሦስተኛ እግር (የአርዙን) አትቁረጡ። አርዝ በሌለው ቤት ውስጥ ክር ይዞ ማይክ በከንፈር መንካት ሰው ይገድላል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ ሶኬቱን አስፈትሹ።

ጥያቄ፦ ፖት 250 ወይስ 500?

መልስ፦ ለነጠላ ጥቅል 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምበከር 500። በ500 ነጠላው ጥቅል ጆሮ ይወጋል፣ በ250 ሃምበከሩ ይታፈናል። ስትበይድ የፖቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ቧጨር አድርገው። ካውያው በደንብ ይጋል፣ ቶሎ ነክቶ ቶሎ ይነሳ። ደካማ ካውያ ይዞ ረጅም ጊዜ መቆየት ነው ፖቱን ውስጡን የሚያቃጥለው። ብየዳው ሲበርድ አብረቅራቂ ካልሆነና እንደ አመድ ከደበዘዘ ድገመው።

ጥያቄ፦ በክረምት ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል፣ በበጋ ደግሞ ይንጫጫል። አንገቱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እንጨት ስለሆነ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ የተቀመጠው ለዚህ ነው። 1ኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት አንድ ላይ ተጫንና 8ኛው ላይ ከክሩ ሥር ያለውን ክፍተት እይ። ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል። ክፍተቱ ከሰፋ ዘንጉን ወደ ቀኝ አጥብቅ፣ ከጠፋ አላላ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፍ፣ ከዚያ ቃኝተህ ጠብቅ። የክሩ ከፍታ 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊሜትር ከሆነ ለብዙ እጅ ይስማማል። ይህን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ ነው 12ኛው ፍሬት ላይ ቅኝቱን የምታመሳክረው። ተጭነህ የምታገኘው ድምፅ ከሃርሞኒኩ (ክሩን ሳትጫን በስሱ ነክተህ ከምታወጣው ድምፅ) ከፍ ካለ የብሪጁን መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ውሰድ።

ጥያቄ፦ በእውነት ይረክሳል? ከሱቅ ብገዛ አይሻልም?

መልስ፦ አይረክስም። መልሰህ ብትሸጠውም ያወጣህበትን አታገኝም። ለመቆጠብ ከሆነ ከሱቅ ግዛ። የራስህ እጅ የሚፈልገውን አንገት፣ የራስህ ጆሮ የሚፈልገውን ድምፅ አንድ ላይ ለማግኘት ከሆነ ግን ሌላ መንገድ የለም። የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን 50 ዶላር የገዛውን አካልና 80 ዶላር የገዛውን አንገት አጋጥሞ የጊብሰን ሃምበከር ጨመረበት፣ ምክንያቱም እሱ የሚፈልገውን የሚሸጥ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ደግሞ በ1970 ናሽቪል ውስጥ ስድስት አሮጌ ስትራቶካስተር ገዛ። ሦስቱን ለጓደኞቹ ሰጠ፣ ከቀሩት ሦስት ምርጥ ምርጡን አውጥቶ ብላኪ የሚባለውን ገጠመ። በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር ተሸጠ። የእኛ እንደዚያ አይሸጥም! እባካችሁ የፌንደርን ስም የጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ያሉበት) ላይ አትለጥፉ። ገዢውን ማታለል ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ፒክአፕ ክራር ላይ መግጠም ይቻላል?

መልስ፦ የክራሩ አውታር የብረት ከሆነ ይሠራል። ናይሎን ወይም ጅማት ከሆነ ማግኔቱ አይሰማውም። ያኔ እንጨቱ ላይ የሚለጠፍና ንዝረቱን የሚቀበል ፒኤዞ የሚባል ፒክአፕ ነው የሚያስፈልግህ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ጊታር አንገቱ ተሰብሯል። አካሉ ደህና ነው። እሳቸው ዛሬ የሉም፣ ጊታሩ ግን ድምፅ እንዲያወጣ እፈልጋለሁ። አዲስ አንገት ይቀበላል?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። መጀመሪያ አንገቱ በቪቴ የታሰረ መሆኑን ከጀርባው እይ። አራት ቪቴ ካለ ተስፋ አለው። ፍቺውና የጉድጓዱን ስፋት፣ ርዝመትና ጥልቀት ለኪ። ከዚያ ከናቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለክተሽ በሁለት አባዢው። 648 አካባቢ ከመጣና ስፋቱ 56 ከሆነ ተራ አንገት ይገባል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጊታሮች ግን የራሳቸው ልክ ነበራቸው፣ ስለዚህ ሳትለኪ ምንም አትግዢ። የአካሉ ቀዳዳዎች ከአዲሱ አንገት ጋር ካልገጠሙ በጠንካራ እንጨት ደፍነሽ በኮላ አጣብቂ፣ አንድ ቀን አድርቂው፣ ከዚያ በስፌት ክሩ ዘዴ እንደ አዲስ ብሺ። የተሰበረውንም አንገት አትጣዪው። ስብራቱ መቃኛዎቹ አካባቢ ከሆነና እንጨቱ ካልጎደለ፣ ጥሩ አናጺ በኮላና በሞርሳ ሊመልሰው ይችላል። እኔ ብሆን አዲስ ከመግዛቴ በፊት እሱን ነበር የምሞክረው፣ የእሳቸው እጅ ያረፈበት እሱ ነውና።