መልስ፦ አብያተ ክርስቲያናት ዘረኝነትን ተቃወሙ ወይስ ደገፉ?

ሰላም የደሴው ወንድሜ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ እያዘጋጀህ ነው፤ የውጭዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ዘረኝነትን ተቃወሙ ወይስ ደገፉ ብለሃል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም።

ከአሜሪካዋ ከተማ ከፊላደልፊያ ጀምር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናን ተንበርክከው እየጸለዩ ነበር። አስተናባሪው ከእነሱ አንዱን፣ አብሳሎም ጆንስን፣ ጎትቶ ሊያስነሳው ያዘ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ታገሠኝ ቢለው አልሰማም። ጥቁሮቹ ተያይዘው ወጡ። አብሮት የነበረው ሪቻርድ አለን በ1816 ራሱን የቻለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። እዚህ ኮምቦልቻ ቡና ላይ ይህን ሳወራ ጎረቤታችን «ጸሎት ላይ? ወይ ጉድ!» ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች ደግሞ በ1845 ከሰሜኖቹ ባፕቲስቶች የተገነጠሉት ባርነትን ደግፈው ነው። ይቅርታ የጠየቁት በ1995። 150 ዓመት! የደቡብ አፍሪካው የደች ተሃድሶ ቤተ ክርስቲያንም (የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው) አፓርታይድን በመጽሐፍ ቅዱስ ሲደግፍ ኖረ። በ1982 የዓለም የተሃድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ትምህርቱን ኑፋቄ ብሎ ከአባልነት አገደው።

ለጽሑፍህ የሚቀርበው ግን የ1971ዱ ይመስለኛል። የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ማዕከላዊ ኮሚቴ እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ ተሰብስቦ ስለ ፀረ ዘረኝነት ፕሮግራሙ ተወያይቷል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳይምታታብህ።