በጊዜ ቀጠሮው ዕለት ችሎት ይግቡ

እኅቴ፣ ወንድምዎ በእምነት ማጉደል ተጠርጥሮ መያዙን፣ መርማሪውም «ምርመራው ሲያልቅ እንጠራችኋለን፤ ፍርድ ቤት መምጣት አያስፈልጋችሁም» ማለቱን ጽፈዋል። በእኛም ቤት የደረሰው ይኸው ነውና ያየሁትን ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ጥሪ አይጠብቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ (የጊዜ ቀጠሮ) ሲጠይቅ ወንድምዎ ዝም እንዳይል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ እንዳይፈቀድ ይከለክላል እንጂ ቀጠሮው ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አይወስንም፤ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። የታናሽ ወንድሜ መርማሪ በየቀጠሮው «ምስክር ይቀረናል፤ የኦዲት ውጤት አልመጣም» የሚል ያንኑ ማመልከቻ ይዞ ይቀርብ ነበር። ጠበቃ የማቆም አቅም ስላልነበረን እኔው በወረቀት አዘጋጅቼለት፣ «ባለፈው የተፈቀደው ጊዜ ምን ተሠራበት? ሰነዱ ሁሉ በአሠሪዬ እጅ ሳለ የእኔ መታሰር ለኦዲቱ ምን ይጠቅማል?» ሲል ለዳኛዋ አመለከተ። ዳኛዋ የምርመራ መዝገቡን አስቀርበው ተመለከቱ፤ አዲስ ነገር ስላላገኙበትም የፖሊስን ጥያቄ ውድቅ አድርገው ዋስትና ፈቀዱ። በዚያች ወረቀት ዛሬም እኮራለሁ።

ዋስትና ሲጠይቁ የዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ላይ ያተኩሩ፤ ዳኛው የሚመዝነው ተጠርጣሪው ግዴታውን ያከብር እንደሆነ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽም እንደሆነ፣ ምስክር ያባብል ወይም ማስረጃ ያጠፋ እንደሆነ ነውና፣ ቋሚ አድራሻውንና ቤተሰቡን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዙ። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

እኛን ከሁሉ በላይ ያቃጠለን ግን መዝገብ ቤቱ ነው። ዋስትናው የተፈቀደው ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ ገንዘቡን አስይዘን ደረሰኝ ይዘን ስንመለስ ሠራተኛው «ማኅተም የያዘችው ወጥታለች፤ ሰኞ ኑ» ብሎ መስኮቱን በእናቴ ፊት ዘጋው። ዳኛ የፈታው ልጅ ቅዳሜንና እሑድን ታስሮ አሳለፈ፤ ይህንን በደል አልረሳውም። ስለዚህ ገንዘቡ በቀጠሮው ጠዋት በእጅዎ ይሁን፤ የመፍቻ ትእዛዙ ማኅተም ተደርጎበት እስኪሰጥዎም ከመስኮቱ አይራቁ። ትእዛዙን ይዘው ሄደው ጣቢያው አልፈታም ካለ፣ በዚያው ዕለት ወደ ዳኛው ተመልሰው በጽሑፍ ያመልክቱ።