«ውጊያው ናፈቀኝ፤ ምን ሥራ ልያዝ?»

ጠያቂያችን የ29 ዓመት ወጣት ነው። ሰባት ዓመት በውትድርና አገልግሏል፤ ሦስቱን ግንባር ላይ። ከተሰናበተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን አንድ መጋዘን ውስጥ ንብረት ይቆጥራል። ከረጅሙ ደብዳቤው ዋናው ይኸው፦ «ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ውጊያው ይናፍቀኛል። ጓደኞቼን የቀበርኩበት ነገር እንዴት ይናፍቀኛል? ጤና የለኝም ማለት ነው? ውጭ አገር በመሣሪያ የሚጠበቅ የጥበቃ ሥራ አግኝቻለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ወንድሜ፣

መጀመሪያ ያሳፈረህን ነገር እናንሳው። ይህን ስሜት ያመጣኸው አንተ አይደለህም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1862 ፍሬድሪክስበርግ ላይ ጄኔራል ሮበርት ሊ ከኮረብታው ቁልቁል ውጊያውን እያየ «ጦርነት እንዲህ አስፈሪ መሆኑ በጀን፤ አለዚያ እንወደው ነበር» አለ ይባላል። ከታች ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነው ይህን የተናገረው። አስፈሪነቱና መውደዱ አንድ አፍ ላይ ተገናኙ። አንተም ጋ የተገናኙት እንደዚያ ነው። ጓደኞችህን መቅበርህ እውነት ነው፤ ናፍቆትህም እውነት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። «ውጊያ ናፈቀኝ» የሚል ሰው ሲመጣልኝ ሁሌም የምጠይቀው «የቱ?» ብዬ ነው። ምክንያቱም የሚናፍቀው አንድ ነገር አይደለም።

አንዱ የሰውነት ነገር ነው። አድሬናሊኑ ሲፈስ ልብ ይመታል፣ ዓይን አንድ ቦታ ላይ ይተከላል፣ ጊዜው የተጎተተ ይመስላል። ዋናው ጣዕም ግን በኋላ ነው የሚመጣው። ሪቻርድ ሰለሞንና ጆን ኮርቢት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ሲያስረዱ በፓራሹት የሚዘሉ ሰዎችን ምሳሌ ወስደዋል። ሰውየው መጀመሪያ ሲዘል በፍርሃት ይደርቃል። መሬት ሲነካ ደንዝዞ ይቆይና ከዚያ ወሬ ብቻ ይሆናል። ደጋግሞ ሲዘል ፍርሃቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ የኋላው ደስታ ግን እየበረታና እየቆየ ይመጣል። ይህ ደስታ ሰውነት ፍርሃትን ለማመጣጠን የሚያነሳው ተቃራኒ ስሜት ነው ይላሉ። እንግዲህ አንተ ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለማመድ ቆይተህ ነው መደርደሪያ መሀል የገባኸው። ልቤ ሞተ ብትል አልፈርድብህም።

ሁለተኛው ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳሙኤል ስታውፈር የመራው የጥናት ቡድን የአሜሪካን ወታደሮች «ምን አጸናችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጠላትን መጥላት ያለው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ነገሩን ጨርሶ ቤት መግባት፣ አጠገብ ያለውን ጓደኛ አለመክዳት፤ መልሱ በአመዛኙ ይህን የመሰለ ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ የምትሠራው ሁሉ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። ምሽግ ውስጥ አንድ ኮዳ ውኃ በሰዓቱ መድረሱ የሰው ሕይወት ነው። መጋዘን ውስጥ ሦስት ካርቶን ቢጎድል ቅጽ ይሞላል።

ያንተ የቱ እንደሆነ ደብዳቤህ ራሱ ነግሮኛል። ከወጣህ ወዲህ ደስ ያለህ ቀን ጄኔሬተሩ በእሳት የተያያዘበት ቀን ነው ብለሃል። ስለ እሳቱ የጻፍከው ሦስት መስመር ብቻ ነው። አሸዋ በባልዲ ስላቀበለህ የሒሳብ ክፍል ልጅ ግን ገጽ ሙሉ ጻፍክ። ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳ አልነበራችሁም። እሳቱ ሲጠፋ ጥላሸት ለብሳችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ፣ ያለ ምክንያት ሳቃችሁ። «በማግስቱ እሱ ወደ ሒሳቡ፣ እኔ ወደ መደርደሪያዬ» ብለህ ዘጋኸው። ደብዳቤው ውስጥ የከፋህ እዚያ ላይ ነው። ተኩስ የናፈቀው ሰው እንዲህ አይጽፍም፤ እኔ በበኩሌ ይህን አላየሁም።

ስለዚህ የውጭውን ጥበቃ ተወው ባይ ነኝ። መሣሪያ ስለሚያስይዝ የድሮው ሕይወት የሚመለስ ይመስላል። አብዛኛው ሰዓት ግን ብቻህን በር ላይ ቆመህ ነው የሚያልፈው። ጋንታህ የለችም። አደጋው ይኖራል፣ ሰዎቹ አይኖሩም። የማትፈልገውን ግማሽ ይዘህ የምትፈልገውን ጥለህ መሄድ ነው።

እኔ የምልህ እሳት አደጋ፣ አምቡላንስ፣ ፍለጋና ነፍስ አድን፣ የአደጋ ጊዜ ዕርዳታ ሎጂስቲክስ ነው። የመጨረሻውን አትናቀው፤ ንብረት መቁጠር የተማርከው እዚያ ወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ጄክ ዉድና ዊልያም ማክነልቲ የተባሉ የቀድሞ የአሜሪካ ማሪኖች ጥቂት ሰው ሰብስበው ሄዱ። ቲም ሩቢከን የሚባለው የዕርዳታ ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። ዛሬም ከጦር ሠራዊት የወጡ ሰዎች በቡድን ሆነው ፍርስራሽ ያነሱበታል።

ፈንጂ ማምከን የሚል ሐሳብም ጠቅሰሃል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ልብ የሚያሞቅ እንዳይመስልህ። ተንበርክኮ፣ መሬቱን በጣት ስፋት እየለኩ፣ ቀኑን ሙሉ አንድን ነገር መደጋገም ነው። ሙቀት ፈልጎ የመጣ ሰው እዚያ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። የእሳት አደጋም ቢሆን ከእሳቱ ይልቅ ቱቦ መጠቅለሉ ይበዛል። ይህ ግን አዲስ አይሆንብህም። ግንባር ላይስ ስንት ቀን ነው ዝም ብለህ ፀሐይ የቆጠርከው? ትዝታ ያንን ቆርጦ ይጥለዋል።

ከመወሰንህ በፊት አንድ ፈረቃ አብረህ ለመዋል ጠይቅ። መኪናው ሲወጣ ያለውን አትመልከት። ሲመለስ እነማን አብረው እንደሚቀመጡ፣ ማን ማንን እንደሚያበሽቅ እይ።

ደግሞ «እንቅልፍ ይሸሸኛል» ያልከውን ዝም ብዬ አላልፈውም። ድምፅ የሚያስበረግግህ፣ ሌሊት የሚያባንንህ ከሆነ ወይም ለመተኛት መጠጥ የሚያስፈልግህ ከሆነ ከማመልከቻው በፊት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂድ። ያ የኔ ሙያ አይደለም፤ ሕክምና ግን አለው።

ሲቪህን አይቼዋለሁ። «አደጋን የማይፈራ» የምትለውን ሰርዛት፤ አሠሪ ሲያያት የሚፈራው አንተን ነው። በምትኩ ስንት ሰው እንደመራህ፣ ምን ያህል ዕቃ ከየት ወዴት እንዳደረስክ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠናህን ጻፍ። የጄኔሬተሩንም ቀን በሁለት መስመር አስገባ፤ የሒሳብ ክፍሉን ልጅ ደግሞ ምስክር አድርገው። ስልኩ ከሌለህ ነገ ጠዋት ሄደህ ጠይቀው።