ሳንቶሪኒ ከእናት ጋር፦ የጀልባውን ጥቅል ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ «እናቴን ይዤ በአቴንስ በኩል ወደ ግሪኳ ደሴት ወደ ሳንቶሪኒ ልሄድ ነው፤ በነሐሴ ሁለት ቀን አለን። ወደ እሳተ ገሞራው የሚወስደው የጀልባ ጉብኝት ይሻላል ወይስ ሌላ ነገር?» ብለሽ ለጠየቅሽው ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም እናቴን ይዤ ሄጃለሁና የእናትሽም ጉልበት እንደ እናቴ ጉልበት ነው ብዬ ልጻፍልሽ። ስለ ሆቴልና ስለ ቪዛ ሌሎቹ በቂ ብለውሻል።

አንደኛ፣ «እሳተ ገሞራና ፍል ውሃ» የሚለውን ጥቅል ለእናትሽ አትግዢላቸው። እኔ የገዛሁት የደሴቲቱ ዋና ከተማ በሆነችው ፊራ ውስጥ ካለ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። እናቴ ፍል ውሃ ሲባል የታያት ሶደሬ ነበር፤ ጉልበቷን ልትዘፈዝፍ ፎጣዋን በቦርሳ ይዛ ነው የወጣችው። የቢሮዋን ሴት «እናቴ ደረጃ አትችልም፣ ዋናም አታውቅም፤ ይመቻታል?» ብዬ በግልጽ ጠየቅኋት። «ምንም ችግር የለም፣ አዛውንቶች ዘወትር ይሄዳሉ» አለችና ገንዘቡን ተቀበለች።

ጀልባው የሚነሳው ከተማዋ ከተቀመጠችበት ገደል ሥር፣ ከአሮጌው ወደብ ነው። ለመውረድ ያለው ወደ 588 የሚሆን ደረጃ ነው፣ ወይም በአህያና በበቅሎ፣ ወይም በኬብል ካር፤ የኬብል ካሩ ክፍያ ከጥቅሉ ውጭ ነው። ኔያ ካሜኒ የምትባለው ጥቁር ደሴት ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ የመግቢያ ክፍያ ተጠየቅን። ከዚያ በኋላ አንድ ዛፍ በሌለበት፣ እግር በሚያንሸራትት ጠጠር ላይ ሽቅብ መውጣት ነው። እናቴ ጥቂት እንደሄደች ነጠላዋን አናቷ ላይ ደርባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከላይ የድኝ ሽታ ያለው እንፋሎት ከመሬት ሲወጣ ይታያል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በፈረንጆች 1950 ነው። ብቻሽን ብትሆኚ ሂጂ እልሽ ነበር።

ፍል ውሃው ባሰ። ፓሌያ ካሜኒ የምትባለው ጎረቤት ደሴት ጋ ጀልባው ባሕሩ መካከል ይቆምና «ዝለሉ» ይባላል። በቀዝቃዛው ባሕር ዋኝቶ ነው በብረትና በድኝ ወደ ደፈረሰው ውሃ የሚደረሰው፤ እሱም ለብ ያለ ብቻ ነው። ነጭ የዋና ልብስ የለበሱት ዝገት የመሰለ ቀለም ይዘው ተመለሱ። እናቴ ፎጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከወንበሯ ሆና ስታያቸው አንጀቴን በላችው።

ወደ ቢሮው ተመልሼ ስጠይቅ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ጀልባው ሄዷል፣ አገልግሎቱ ተሰጥቷል» አለችኝ። ከጎኔ ለቆሙ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ያንኑ ጥቅል፣ በዚያው «ምንም ችግር የለም» ልትሸጥላቸው ነበር። ግሪክኛ ስለምችል በቋንቋዋ ነገርኳት፤ ለሽማግሌውም የደረሰብንን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። የእኛ ገንዘብ አልተመለሰም፤ እነሱ ግን አመስግነውኝ ወጡ። ደግሜ ባገኛት ደግሜ እናገራታለሁ።

ሁለተኛ፣ ካልዴራው ከላይ ሲታይ ነው የሚያምረው፣ ያውም በነጻ። ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራው ፈንድቶ የደሴቲቱ መካከል ሲደረመስ ባሕር ገባበት፣ ካልዴራ የሚሉት ይህንን ነው፤ እናንተ የምትቆሙት በቀረው ገደል ጫፍ ላይ ነው። ከፊራ ወደ ጎረቤቷ መንደር ወደ ፊሮስቴፋኒ በእግር 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ መኪና የማይገባበት መንገድ ነው፣ ቀስ እያሉ አረፍ እያሉ ይሄዱታል። ለፀሐይ መጥለቂያ ሁሉም ወደሚሮጥባት መንደር ወደ ኦያ አትሂዱ። በጠባቡ መንገድ ሕዝቡ ይጨናነቃል፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ለአንድ አውቶቡስ ይሰለፋል። እኛ ከፊሮስቴፋኒ ያንኑ ፀሐይ ተቀምጠን አየን።

ሦስተኛው አክሮቲሪ ነው፤ ከሁሉም በላይ ይህን አትለፊው። ከፊራ አውቶቡስ አለ። ከፈረንጆች 1967 ጀምሮ በግሪካዊው አርኪዮሎጂስት በማሪናቶስ መሪነት ከአመድ ሥር ተቆፍሮ የወጣ ከተማ ነው፤ ሁሉም በጣሪያ ሥር ስለሆነ ፀሐይ የለም፣ መተላለፊያውም ለእግር ይመቻል። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች፣ ትልልቅ የእህልና የዘይት ጋኖች፣ የፍሳሽ ቦይ ሳይቀር አላቸው። አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን መካከሉ ላይ ተሰንጥቋል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሰበረው ነው። እናቴ እዚያ ቆማ «ሰዎቹስ?» አለች። የሞተ ሰው አጽም እንዳልተገኘ፣ ቀድመው ሳይሸሹ እንዳልቀሩ ስነግራት «ተመስገን» አለች። የግድግዳ ሥዕሎቹን እዚያ አትፈልጊ፤ ሰማያዊ ዝንጀሮዎቹ ፊራ ባለው የቅድመ ታሪክ ሙዚየም፣ ሌሎቹ አቴንስ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ናቸው።

እናትሽ ጾመኛ ከሆኑ፣ በእኛ ፍልሰታ ውስጥ ነው የምትሄዱት፤ ግን አትጨነቂ፣ ግሪኮችም እስከ ነሐሴ 9 የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ። ፋቫ የሚሉት ከቢጫ ክክ የሚሠራ የደሴቲቱ ምግብ በሽንኩርትና በወይራ ዘይት ይቀርባል፤ እናቴ ደግማ ያዘዘችው እሱን ብቻ ነው። በዓሉን ነሐሴ 9፣ በእነሱ ኦገስት 15 ሲያከብሩ እዚያ ከሆናችሁ ሜሳ ጎንያ መንደር ወደምትገኘው ወደ ፓናጊያ ኤፒስኮፒ ውሰጃቸው። በቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት በአሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ዘመን የታነጸች የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ናት። እናቴ ቅዳሴው ባይገባትም ከእናቶቹ እኩል ስትሰግድ ነበር፤ አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው ወንበር ሰጧት። ለዚያ የከፈልነው የለም።

ግን በዚያ ሰሞን መርከቡ ሁሉ ስለሚሞላ የመመለሻ ትኬት አሁኑኑ ቁረጪ። በነሐሴ መልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲበረታ ፈጣኖቹ መርከቦች ይሰረዛሉ። ወደ አቴንስ ወደብ ወደ ፒሬየስ የሚሄደው ትልቁ መርከብ 8 ሰዓት ገደማ ቢፈጅም ደጅ ወጥተው አየር የሚቀበሉበት ቦታ አለው፤ ለእናትሽ እሱን ምረጪ፣ ከአቴንስ የምትነሱበትንም በረራ በዚያው ቀን አታድርጊው።