ጽሑፉ ተመልሶ ሲመጣ

ውድ ወጣቶች፣

በሕክምና ላቦራቶሪ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ወጣት ባለሙያዎች ቤቴ ድረስ እየመጡ የሚያካፍሉኝ ብሶት አንድ ዓይነት ነው፤ «ለፋሁ፣ ላክሁ፣ መለሱብኝ» ይሉኛል። ስሜቱን አውቀዋለሁ። በጎልማሳነቴ የሁለት ዓመት ድካሜን የያዘ ጥናት ለአንድ መጽሔት ልኬ በሁለት መስመር መልስ ሲመለስብኝ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ዳግመኛ ለማንም አላሳየሁትም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ታሪካቸውን ባነበብሁ ቁጥር ያ መሳቢያ ትዝ ስለሚለኝ ሦስት የሊትዌኒያ ሰዎች ነው። ዓመታቱንም ወራቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ሊትዌኒያ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች፣ ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት። የሩሲያ ዛር መንግሥት እስከ 1904 ድረስ ለአርባ ዓመታት ያህል የሊትዌኒያ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዳይታተም ከልክሎ ስለነበር፣ መጻሕፍቱ ያኔ የጀርመን ግዛት በነበረችው በምሥራቅ ፕሩሲያ ውስጥ እየታተሙ፣ እስራትና ግዞት የማይፈሩ ሰዎች በሌሊት ተሸክመው ድንበር ያሻግሯቸው ነበር።

ከእኔ ሙያ የሚቀርበው ቪርጊኒዩስ ሺክሽኒስ ነው። ቪልኒውስ ከተማ ውስጥ የዘር መረጃ የያዘውን ዲኤንኤ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ለብዙ ዓመታት ሲያጠና የቆየ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በኋላ ትኩረቱን የሳበው ወተትን ወደ እርጎ ለመለወጥ የሚያገለግል አንድ ባክቴሪያ ነበር። ይህ ባክቴሪያ ቫይረስ ሲያጠቃው ከቫይረሱ ዲኤንኤ ቁራጭ ወስዶ በራሱ ዲኤንኤ ውስጥ ያኖራል፤ ያው ቫይረስ ተመልሶ ሲመጣ፣ ከዚያ ቁራጭ የተቀዳ አርኤንኤ ካስ9 የተባለውን ፕሮቲን መርቶ ያደርሰውና የጠላቱን ዲኤንኤ ያስቆርጠዋል። የሺክሽኒስ ቡድን መሪውን አርኤንኤ በመለወጥ ብቻ መቁረጫው የሚያርፍበትን ቦታ መምረጥ እንደሚቻል በሙከራ አሳየ። ዛሬ ዘረመልን ለማረም የሚሠራበት ዘዴ መሠረቱ ይህ ነው።

ጽሑፉን በሚያዝያ 2012 ለአንድ ታዋቂ መጽሔት ሲልከው፣ ለገምጋሚዎች እንኳ ሳይተላለፍ በቀናት ውስጥ ተመለሰለት። እርሱ ግን ወደ ሌላ መጽሔት ላከው፤ ታትሞ የወጣውም በመስከረም ወር ነበር። በመካከሉ፣ በሰኔ፣ ሳይንቲስቶቹ ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፓንቲዬ ስለዚሁ ካስ9 ያደረጉት ጥናት ታትሞ ዓለም አወቀው። በ2018 ካቭሊ የተባለውን የሳይንስ ሽልማት ሦስቱም ተካፈሉ፤ የ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ግን ለሁለቱ ሴቶች ብቻ ተሰጠ። የእነርሱ ሥራ የራሱ ሙሉ ክብር ያለው ነው፤ ሺክሽኒስ ግን የሚገባውን ሁሉ አገኘ ብዬ ላሳምናችሁ አልችልም። ሆኖም ያን ጽሑፍ እንደ እኔ በመሳቢያ አስቀርቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ባልነበረ። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ነገር አለ፤ ሥራችሁን ወደ መጀመሪያው ቦታ ከመላካችሁ በፊት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቦታ በወረቀት ጽፋችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡ። ልብ በተሰበረ ሰዓት አዲስ መንገድ ማሰብ እጅግ ይከብዳል።

ሁለተኛዋ የአርኪዮሎጂ ሊቋ ማሪያ ጊምቡታስ ናት፤ በ1921 ቪልኒውስ ተወለደች። በ1944 የጦር ግንባሩ ሲቃረብ ሕፃን ልጇን ይዛ ከአገሯ ተሰደደች፤ በ1946 ጀርመን ውስጥ በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪዋን አገኘች። አሜሪካ ከገባች በኋላ በሃርቫርድ የተሰጣት ሥራ የምሥራቅ አውሮፓ የአርኪዮሎጂ ጽሑፎችን መተርጎም ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ደመወዝ እንኳ አልነበረውም። ይህን ሳነብ፣ ተምረው በባዕድ አገር ከሙያቸው በታች የሚሠሩ ወገኖቻችን ፊቴ ላይ ይመጣሉ። እርሷ የተረጎመችውን ሁሉ ለራሷ ጥያቄ አዋለችው። በ1956 የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎች ቤተሰብ የተስፋፋው ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው የሣር ሜዳ በተነሡ፣ ሙታናቸውን በአፈር ጉብታ ሥር በሚቀብሩ ሕዝቦች ነው የሚል ሐሳብ አቀረበች። ብዙዎች ተቃወሟት። በ1994 አረፈች፤ በ2015 የወጡ የጥንታዊ ዲኤንኤ ጥናቶች ከዚያው ሜዳ ወደ አውሮፓ ታላቅ ፍልሰት እንደነበረ አሳዩ። ስለ ጥንታዊት አውሮፓ አማልክት በኋላ የጻፈችውን ሁሉ አልቀበልም፤ የፍልሰቱን ነገር ግን አጥንት መሰከረላት።

ሦስተኛው ሚካሎዩስ ቹርልዮኒስ ነው፤ በ1875 የተወለደ፣ የኦርጋን ተጫዋች ልጅ። በዋርሶና በላይፕዚግ ሙዚቃ ተምሮ ሳለ ወደ ሥዕል ዞረ፤ ሦስት መቶ ያህል ከሚሆኑት ሥዕሎቹ አብዛኞቹን የሠራው በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ነው። ያደገው በፖላንድኛ ስለነበር የሕዝቡን ቋንቋ የተማረው ካደገ በኋላ፣ ይልቁንም ሚስቱ ከሆነችው ከጸሐፊዋ ሶፊያ ነው። ሥዕሎቹን በክፍል በክፍል እንደሚቀርበው የሙዚቃ ድርሰት፣ እንደ ሶናታ፣ ይሰይማቸው ነበር። በ1908 በሣለው የባሕር ሶናታ የመጨረሻ ክፍል ግዙፍ ማዕበል ከትናንሽ ጀልባዎች በላይ ቆሟል፤ ማዕበሉን አተኩራችሁ ብታዩት አረፋው የሠዓሊውን ስም መነሻ ፊደላት ሠርቶ ታገኙታላችሁ።

ስለ እርሱ ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል። በድህነትና ያለ ዕረፍት ሲሠራ ቆይቶ በ1909 መጨረሻ አእምሮው ታመመ፤ ዋርሶ አጠገብ ባለ የሕክምና ቤት ሳለ በሳንባ ምች በ1911 ሞተ፤ ገና 35 ዓመቱ ነበር። ጽኑ ስላችሁ እንቅልፍና ምግብ ተዉ ማለቴ አይደለም። ሌሊቱ አልነጋ ሲላችሁ፣ ሥራው ሲያስጠላችሁ፣ ለምትቀርቡት ሰው ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። በ1910 የተወለደችውን ልጁን ዳኑቴን ቹርልዮኒስ አንድ ቀን እንኳ ሳያያት ነው የሞተው።