እያወቀ ለምን አይጽፍም? ስለ ኦቲዝምና እጅ ጽሑፍ ጥያቄና መልስ

ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር የምሠራ የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። ስለ እጅ ጽሑፍ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ በቃል ሲጠየቅ ሁሉንም ይመልሳል። ጻፍ ሲባል ግን ሁለት ቃል ጽፎ እርሳሱን ይወረውራል። ስንፍና ነው?

መልስ፦ በፍጹም! ይህን ቃል ዛሬውኑ ይተዉት። ልጁ ሲጽፍ ጠጋ ብለው ይዩት። ቃሉን ያስባል፣ የፊደሉን ቅርጽ ያስታውሳል፣ መስመሩን ይጠብቃል፣ በሌላው እጁ ወረቀቱን ይይዛል። ብዙ ልጆች ሲለምዱት እጃቸው ራሱ ይሄዳል። ኦቲዝም ካለባቸው ብዙዎቹ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ አዲስ ይሥሉታል። ሐሳቡ እዚያው እያለ እጁ ይደክማል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን 14 ልጆች ከሌሎች 14 ልጆች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ልዩነቱ የታየው በፊደል አጣጣል ላይ ነው። የተያያዘውም ከእንቅስቃሴ ችሎታቸው ጋር እንጂ ከአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ጋር አልነበረም።

ጥያቄ፦ በጣም ስለሚጫን ወረቀቱ ይቀደዳል።

መልስ፦ ምን ያህል እንደተጫነ እጁ በደንብ አይነግረው ይሆናል። «ቀስ በል» ቢሉት አይገባውም፤ በእጁ ሊያየው ይገባል። አንድ ተማሪዬ በአንድ ገጽ ላይ ሦስቴ የእርሳስ ጫፍ ይሰብር ነበር። ወረቀቱን ስስ ስፖንጅ ላይ አስቀመጥኩለት። በተጫነ ቁጥር እርሳሱ ወረቀቱን በሳው። ቀዳዳዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ሳልነግረው እጁን አላላ። ያን ቀን ደስታዬን አልረሳውም።

ጥያቄ፦ እርሳስ አያያዟ ልክ አይደለም። ላርማት?

መልስ፦ ካላመማት፣ ቶሎ ካልደከማትና ጽሑፏ ከተነበበ ይተዉአት። ካስቸገራት አጭር እርሳስ ይስጧት፤ ለመጨበጥ ቦታ ስለማይኖረው በጣቶቿ ትይዘዋለች።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ሰዓት ላለማምደው?

መልስ፦ ሰዓት አይደለም፣ 10 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በፊት እግሩ መሬት ይንካ፣ ጠረጴዛውም ክርኑ ጋ ይድረስ። አንዳንዴ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቆሞ ይሣል፤ ትከሻና አንጓውን ያጠነክርለታል።

ጥያቄ፦ ኪቦርድ ብሰጠው ከነጭራሹ መጻፍ አይተውም?

መልስ፦ ይህ ስጋት ብዙ ወላጆችን ልጃቸውን አፍነው እንዲያቆዩ ያደርጋቸዋል። ስሙንና አጫጭር ነገሮችን በእጁ ይጻፍ፤ ረጅሙን ሐሳብ ይተይብ። መተየብም ራሱ ትምህርት ይፈልጋል፣ በአንድ ሳምንት አይጠብቁት።

ጥያቄ፦ በጽሑፉ ምክንያት ውጤት ይቀነስበታል።

መልስ፦ መምህሩን ያነጋግሩ። የሳይንስ ፈተና ሳይንስን ይለካ። በቃል እንዲመልስ ወይም ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠው ይጠይቁ። ከሰሌዳ መገልበጥ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ ጽሑፉ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥለት።

ጥያቄ፦ ባለሙያ ዘንድ መቼ ልሂድ?

መልስ፦ ጽሑፍ ሲባል የሚያለቅስ ወይም እጁን የሚያመው ከሆነ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (እንደ መጻፍና መልበስ ያሉ የዕለት ተዕለት ተግባራትን የሚያለማምድ ባለሙያ) ያሳዩት። ይጽፍ የነበረ ልጅ ድንገት ካቃተው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።